ክርክር፦ የኮምፒውተሩ አለርት ይቀነስ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ በተለይ አሜሪካ ሆስፒታል ለምትሠሩ ነው። መድኃኒት ስታዙ ስክሪኑ ላይ ብቅ እያለ የሚያስጠነቅቀው አለርት ይቀነስ ወይስ ባለበት ይቆይ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ሜሪላንድ፦ ዛሬውኑ ይቀነስ! ድንገተኛ የልብ ሕመም ለያዘው ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን አስፕሪንና ሄፓሪን አብሬ አዛለሁ። ሕክምናው እሱ ነው። ስክሪኑ ግን "የመድማት አደጋ አለ" ይለኛል። አውቃለሁ እኮ! ሌላው ታካሚ ድሮ የሕመም ማስታገሻውን ኮዴይን ወስዶ አቅለሸለሸው፣ "አለርጂ" ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ የኮዴይን ዘመድ የሆነው ሞርፊን በታዘዘለት ቁጥር አለርት ይመጣል። ማቅለሽለሽ ከመቼ ወዲህ ነው አለርጂ የሆነው? በ2006 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ሐኪሞች ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑትን አለርቶች ዘለው እንደሚያልፉ አሳይቷል። ምን ይገርማል?

ፋርማሲስት፣ ዳላስ፦ ዶክተር፣ የሚያናድደውን ብቻ አይቁጠሩ። በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ፣ በዩሲኤስኤፍ የሕፃናት ሆስፒታል የሆነውን ያስታውሱ። ለ16 ዓመት ልጅ አንድ የሴፕትራ (የአንቲባዮቲክ) ኪኒን ሊታዘዝለት ሲገባ 38 ተኩል ታዘዘ። የታሰበው 160 ሚሊግራም ነበር። የስክሪኑ መለኪያ ግን "ሚሊግራም በኪሎ" ላይ ስለነበር ኮምፒውተሩ በክብደቱ አባዛው። አለርቱ መጥቶ ነበር። በሐኪምም በፋርማሲም ታለፈ። ልጁ ኪኒኑን ዋጠ፣ ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፣ ደግነቱ ተረፈ።

ሐኪም፦ ይሄማ የእኔ ማስረጃ ነው! የ38 እጥፍ ዶዝና የማቅለሽለሽ አለርት አንድ መልክ ይዘው ከመጡ ማን ይለያቸዋል?

ነርስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለልጁ ኪኒኑን ስለሰጠችው ነርስ ማንም አላነሳም። የኪኒኑ ብዛት ግር ብሏት ነበር። ባርኮዱን ስካን ስታደርግ ግን ኮምፒውተሩ "ልክ ነው" አላት። ባርኮድ የሚያየው ከኦርደሩ ጋር መግጠሙን ነዋ! ኦርደሩ ራሱ ጤነኛ ይሁን አይሁን አይጠይቅም። እናንተ መብዛቱን ታወራላችሁ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለ ጊዜ ነው።

ጠቅላላ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦ እናንተ ጠግባችሁ ነው። እኔ የማዘው ወረቀት ላይ ነው። ካርድ ከጠፋ የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለበት የሚነግረኝ ታካሚው ወይም አስታማሚው ነው፣ እሱም ካወቀ። ኮምፒውተር ሲጨቀጭቀኝ ቢውል ደስታዬ ነው።

ሐኪም፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሰሞን እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሲመጣላችሁ ሁሉንም አብርታችሁ አትጀምሩ። የሆስፒታል ሶፍትዌር የሚሠራውን የኤፒክ ኩባንያን የሴፕሲስ መተንበያ ተመልከት፤ ሴፕሲስ ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያውክ የሚመጣው አደገኛ ሕመም ነው። በ2021 የወጣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው ሆስፒታል ከተኙት 18 በመቶው ላይ አለርት ሰጥቷል፤ ሴፕሲስ ከያዛቸው ደግሞ 67 በመቶውን ስቷል። እንዲህ እየጮኸ እንዲህ መሳት!

ፋርማሲስት፦ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታሉ የሴፕሲስ መተንበያስ? በ2022 በወጣው ጥናታቸው፣ አለርቱን የሕክምና ባለሙያ በሦስት ሰዓት ውስጥ አይቶ ያረጋገጠላቸው ታካሚዎች ሞት ያነሰ ነበር። ስለዚህ በጅምላ አይኮነን። መቀነሱንስ አልጠላም። ግን የትኛውን? አንዱ ከጠፋ በኋላ ሰው ቢጎዳ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ማን አጠፋው?" ብሎ ነው። አስተዳደሩም የሚፈራው ይሄንኑ ነው።

ሐኪም፦ እሺ፣ እንዲህ ይሁን። ሁሉም ሰው ዓመቱን ሙሉ የዘለለው አለርት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይመርመር፣ ካልረባ ይጥፋ። ከጣሪያ በላይ የሆነ ዶዝ ደግሞ ሐኪሙና ፋርማሲስቱ በስልክ ሳይነጋገሩ አይለፍ። በአንድ ክሊክ የሚዘጋ አይሁን።

ነርስ፦ ኮሚቴው ውስጥ ነርስ ካለበት እስማማለሁ። እናንተ ጋ አለ?

ሐኪም፦ የለም።