«ግድያ የሚያሳርፋቸው አንባቢዎች» በተባለው ላይ የተነሣ ክርክር

ሌሊት አንባቢዋ፦ ትናንት ከመካከላችን አንዱ ታሪካቸው በእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘመን የሚፈጸም የመርማሪ ልብ ወለዶችን የምንወድ ሰዎችን «ግድያ የሚያሳርፋቸው» ብሎናል። በጣም ተናድጃለሁ። የሚያሳርፈኝ ግድያው አይደለም። ሬሳው ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይገኛል፣ ደሙም አይዘረዘርም። የቀረው ሁሉ ማን ዋሸ፣ በዚያች ሰዓት ባቡሩ በእርግጥ ደርሶ ነበር ወይ፣ ደብዳቤውን ማን አቃጠለው የሚል ነው። በመጨረሻም እውነቱ ይታወቃል። በገሃዱ ዓለም የስንቱ ሰው አሟሟት ተድበስብሶ ቀርቷል!

ጉለሌ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። እውነቱ ከታወቀ በኋላስ? በዚያ ዘመን በእንግሊዝ በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ የተባለ ጎልማሳ ቅጣቱ ስቅላት ነበር፤ ዳኛው ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እናንተ የምታነቡት ግን ገዳዩ ሲያዝ ሻይ ተቀድቶ ያበቃል። ገመዱ ተደብቆላችሁ ነው ያረፋችሁት።

የሕግ ተማሪ፦ «እውነቱ ይታወቃል» የሚለውም አይዋጥልኝም። አዶልፍ ቤክ የሚባል ሰው ሌላ ሰው በፈጸመው ማታለል እ.ኤ.አ. በ1896 ተፈርዶበት ዓመታት ታስሯል፤ በ1904 ደግሞ ዳግመኛ ጥፋተኛ ተባለ። የተታለሉት ሴቶች ፊቱን እያዩ «እሱ ነው» ብለው መሰከሩበት። እንግሊዝ በ1907 የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለማቋቋም የተገደደችው በእንዲህ ዓይነቱ በደል ነው።

ሌሊት አንባቢዋ፦ ታዲያ ልብ ወለዱ የሚጣፍጠኝ ለዚህ አይደለም እንዴ? ችሎቱ ያበላሸውን አንድ ጠንቃቃ ሰው ሲያቃናው ማየት እፈልጋለሁ። ዘመኑም ለዚህ ይመቻል፤ የለንደን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ስኮትላንድ ያርድ የጣት አሻራ ክፍሉን ያቋቋመው በ1901 ስለሆነ ሳይንሱ ገና ጀማሪ ነው። መርማሪው በጆሮውና በዓይኑ ይሠራል።

ለንደን ነዋሪ፦ ሁላችሁም ምድር ቤቱን ረሳችሁት። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ የምድጃውን አመድ የምትጠርገው፣ ከሰል ተሸክማ ደረጃ የምትወጣው አገልጋይ ልጅ የት ገባች? ድህነትን ያጠናው ራውንትሪ በ1901 ባሳተመው ጥናት ከእንግሊዟ ዮርክ ከተማ ሕዝብ ሩብ የሚበልጠው ድሃ ነበር።

ሌሊት አንባቢዋ፦ እኔ ባነበብኳቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ እውነቱን የምታውቀው እሷ ናት! ጌቶች በፊቷ እንደ ልባቸው ያወራሉ፣ ሰው መሆኗን ስለማያስቡ።

ጉለሌ፦ እውነቱን ከተናገረች በኋላ ግን ተመልሳ አመድ ትጠርጋለች። ይህም ያሳርፋል?

አዲስ ገቢ፦ ወገኖቼ፣ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥትና ሎሌዎቹ እኛን ምን አገባን?

የሕግ ተማሪ፦ ራስ መኮንን እኮ እ.ኤ.አ. በ1902 ለዚሁ ንጉሥ የዘውድ በዓል ለንደን ድረስ ተጉዘዋል።

አዲስ ገቢ፦ ራስ መኮንን የሄዱት ለአገር ጉዳይ እንጂ ልብ ወለድ ፍለጋ አይደለም። እሳቸውን እዚህ ምን አመጣቸው?

የሕግ ተማሪ፦ «ምን አገባን» ስላልክ ነው ያመጣኋቸው!

ጉለሌ፦ ከጉዳዩ አትውጡ። እኅቴ፣ አንድ ነገር መልሽልኝ። በ1905 በለንደን፣ በዴፕትፎርድ ሰፈር የቀለም መሸጫ የሚጠብቁ አረጋዊ ባልና ሚስት ተገደሉ። በገንዘብ ሣጥኑ ላይ የተገኘው የአውራ ጣት አሻራ ከተያዙት የስትራተን ወንድማማቾች የአንዱ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ተሰቀሉ። ማስረጃ አለ፣ እውነቱም ታውቋል። እስከ ስቅላቱ ድረስ ቢጻፍ ታነቢዋለሽ?

ሌሊት አንባቢዋ፦ አነበዋለሁ። ከመኝታ በፊት ግን አይደለም።

ጉለሌ፦ ይኸው! ከመኝታ በፊት የምትመርጪው ገመድ የሌለበትን ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሌሊት አንባቢዋ፦ አንተ ያልከው «ግድያ የሚያሳርፋቸው» ነው። ስለ ገመድ ማውራት የጀመርከው ዛሬ ነው፣ ወንድሜ። የትናንቱን ቃል አንሣልኝ።

ጉለሌ፦ አላነሣም።