ከተኩስ ሜዳ ቀለህ መልቀም፤ ያልተተኮሰ ጥይት ሲገኝስ?

አዲስ አነጣጣሪ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የኢላማ ተኩስ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። የክለብ አባል ነኝ፣ ፈቃዴም የተሟላ ነው። ልምምዱ ሲያልቅ መሬቱ ቀለህ በቀለህ (የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቅርፊት) ይሆናል። ባልዲ ይዘው የሚለቅሙ ሰዎች አያለሁ። አንዳንዱ ለውዳቂ ብረት ገዢ ይሸጠዋል፣ አንዳንዱ ቤቱ ወስዶ ባሩድና አረር መልሶ ይሞላዋል። እኔ መሙያ መሣሪያ የለኝም፤ ሐሳቤ አጠራቅሞ መሸጥ ነው።

ዝም ብሎ መልቀም ይቻላል ወይስ ባለቤት አለው? የሚያዋጣውስ የትኛው ነው? ከሁሉ በላይ የቸገረኝ ግን ከቀለሁ መሃል ጭራሽ ያልተተኮሰ ጥይት ማግኘቴ ነው። አንዳንዱ እንደ አዲስ ያበራል። አንስቶ መተኮስ ምን ችግር አለው? ለሽያጭ ወደሚሄደው ባልዲ ቢገባስ? የ8 ዓመት ልጄም «እኔ ልልቀምልህ» እያለ ነው። የምታውቁ አግዙኝ።

የሜዳ ተቆጣጣሪ፦

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ብዙው ሰው መጀመሪያ ለቅሞ ነው የሚጠይቀው፤ አንተ ቀድመህ መጠየቅህ ጥሩ ነው።

ባለቤትነቱ እንደ ሜዳው ይለያያል። አንዱ ሜዳ «የራስህን ውሰድ፣ የሌላውን አትንካ» ይላል። ሌላው መሬት የነካው ሁሉ የሜዳው ነው ብሎ ራሱ ይሸጠዋል። ተረኛውን ተቆጣጣሪ ጠይቅ። የአገርህን ሕግም እይ። ባዶ ቀለህ ራሱ እንደ ጥይት አካል የሚቆጠርባቸው ቦታዎች አሉ። ፈቃድ በካሊበር (በጥይቱ መጠን) በተወሰነበት አገር ደግሞ የሌላ ካሊበር ጥይት ኪስህ ውስጥ ከተገኘ «መሬት ላይ አገኘሁት» ማለት አያድንህም።

የሚለቀመው ተኩስ ቆሞ፣ መሣሪያ ሁሉ ባዶ መሆኑ ታይቶ፣ ተቆጣጣሪው ሲፈቅድ ብቻ ነው። የሚለቅም ሰው ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ቀለህ ቀለህ ሲል ሳይታወቀው የተኩስ መስመሩን አልፎ ይሄዳል። ይህን ሁሌ ነው የማየው።

ያልተተኮሰ ጥይት ስታይ ጥራኝ። ለከሸፈ ጥይት የተለየ ሣጥን አለን። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም፣ ኪስም አይገባም።

ሞልቶ አዳሪ፦

አብዛኛው ቀለህ ስለሚሠራበት ናስ እኔ ልናገር። የጥይት ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ገዢ የሚፈልገው ለመዳቡ ነው።

ማግኔት ያዝ። ማግኔቱ የሳበው ብረት ነው። ብረቱ የመዳብ ወይም የናስ ቅብ ሊኖረው ስለሚችል ቀለሙ አይሸውድህ። 7.62 በ39 (የክላሽ ጥይት) ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል። ግራጫ ሆኖ ቅልል የሚልህ አሉሚኒየም ነው፤ ማግኔት ስለማይስበው በዓይንና በእጅ ለይው። የብር ቀለም ኖሮት ከበድ የሚለው ኒኬል የተቀባ ናስ ነው። ብዙ ጀማሪ አሉሚኒየም መስሎት ይጥለዋል።

ክብደቱን በግምት ላስላልህ። የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ 4 ግራም ገደማ ነው፣ ስለዚህ ለአንድ ኪሎ 250 ያህል ትለቅማለህ። የ5.56 ወደ 6 ግራም፣ የ7.62 በ51 ደግሞ 11 ወይም 12 ግራም ይደርሳል። ባለ 22 ካሊበር ትንሿ አንድ ግራም አትሞላም፣ ተመልሳም አትሞላም። ወገብህ ካላሳዘነህ ልቀማት።

በካሊበር ለይተህ ለሚሞላ ሰው ብትሸጥ ከውዳቂ ዋጋ የተሻለ ታገኛለህ። የሚሞላ ሰው ግን መራጭ ነው። ቀለሁን ወደ ውስጥ እይ። ሥሩ መሃል አንድ ቀዳዳ ካለ ይፈለጋል፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ ማቀጣጠያውን (ሥሩ ላይ ተመትቶ ባሩዱን የሚያነደውን) አውጥቶ መቀየር አስቸጋሪ ስለሆነ አብዛኛው ሰው አይወስደውም። አፉ የተሰነጠቀ፣ የተረገጠ፣ ወይም ከሥሩ ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀለበት የወጣበት ካገኘህ ወደ ውዳቂው። ቀለበቱ ናሱ እዚያ ላይ መሳሳቱን ነው የሚያሳየው።

አንድ የሚያናድድ ነገር ልጨምር፦ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ ባለ 40 ካሊበር የሽጉጥ ቀለህ ውስጥ ይገባል፣ ባለ 40 ደግሞ ባለ 45 ውስጥ። ባልዲ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ ይሰካካሉ። እያንዳንዱን ካላየህ ገዢው ይመልስልሃል።

አንጋፋው፦

ስለ ጥይቱ አታስፈራሩት። እኔ የወደቀ ጥይት አንስቼ ስተኩስ ዘመኔን ጨርሻለሁ። አንድም ቀን ምንም አልሆንኩም።

ሞልቶ አዳሪ፦

ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር በዚህ አልስማማም። እርስዎ እድለኛ ኖት።

መሬት ላይ ያለ ጥይት ያለ ምክንያት አልወደቀም። አንዳንዱ መሣሪያ ሲነክስ (ጥይት ሲይዝበት) ወጥቶ የወደቀ ነው፣ እሱ ምናልባት ደህና ይሆናል። ሌላው ተመትቶ የከሸፈ ነው፤ ማቀጣጠያው ላይ የመሣሪያው መርፌ ምት ይታያል። ሦስተኛው ሰው ቤቱ የሞላው ሆኖ፣ ባለቤቱ ራሱ ተጠራጥሮ የጣለው ነው። ይኼኛው ከውጭ ሲያዩት ከፋብሪካ ጥይት አይለይም። የሽጉጥ ባሩድ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ቀለሁ ውስጥ ሁለት እጥፍ ሊገባ ይችላል። ባሩድ የሌለው ከሆነ ደግሞ ማቀጣጠያው ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዝ ውስጥ ይሰነቅረዋል። ድምፁ «ጡፍ» ይላል። ሳያስተውሉ ቀጣዩን ከተኮሱ መሣሪያው ሊፈነዳ ይችላል።

መደባለቅም አለ። ባለ 300 ብላክአውት የሚባለው የጠመንጃ ጥይት 5.56 ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ አረሩ ግን ለአፈሙዙ ሰፊ ነው። በዚህ ስንት ጠመንጃ ተበጣጥሷል። ጋሼ፣ አንድ ጥይት ለማትረፍ ጠመንጃና ጣት ማስያዝ አያዋጣም።

የሜዳ ተቆጣጣሪ፦

አንድ ነገር ብቻ። የራስህ ጥይት ከከሸፈ ቶሎ አታውጣው። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዝክ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ። ዘግይቶ የሚተኮስ አለ። ጓደኛህ አሁን ከመሣሪያው አውጥቶ የወረወረውንም ሮጠህ አታንሳ።

ላብራቶሪ ነኝ፦

ወንድሜ፣ ስለ ልጅህ ማንም አልመለሰልህም። መልሱ አይሆንም ነው።

በአብዛኛው ማቀጣጠያ ውስጥ የእርሳስ (መርዛማው ብረት) ውህድ አለ። ጥይቱ ሲተኮስ ጥላሸቱ ቀለሁ ላይና መሬቱ ላይ ይቀራል። ሕፃን እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ ወደ ሆዱ ከገባው እርሳስ ሰውነቱ የሚቀበለው ከአዋቂ 4 ወይም 5 እጥፍ ይሆናል። ጉዳቱ አንጎል ላይ ነው፣ ምልክቱም ቶሎ አይታይም። ነፍሰ ጡርም አትልቀም።

አንተም ጓንት አድርግ። ሜዳው ላይ አትብላ፣ አታጭስ። ስትጨርስ በሳሙና ታጠብ። ጫማህን ከበር ውጭ አውልቅ፣ ልብስህን ከቤተሰቡ ልብስ ለይተህ እጠብ። ቀለሁን ኩሽና ውስጥ አትጠብ። በደረቁ እየተንከባለለ የሚጸዳበት ማሽን አቧራው የከፋ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሠራም። አዘውትረህ የምትለቅም ከሆነ ደምህ ውስጥ ያለውን እርሳስ አስለካ።

የቀድሞ ወታደር፦

የክለብ ሜዳና የጦር ልምምድ ሜዳ አንድ አይደለም። የጦር ሜዳ ላይ፣ የተተወም ቢሆን፣ የሞርታር ወይም የቦምብ ማስወንጨፊያ ተተኳሽ ሳይፈነዳ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ተተኩሶ የከሸፈ ነገር ፊውዙ (የሚያፈነዳው ክፍል) ስለነቃ ካልተተኮሰው ይበልጥ አደገኛ ነው። ዝገቱ አያመክነውም። ለናስ ብለው እዚያ ገብተው የቀሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። የማታውቀው ነገር ካየህ አትንካው፣ አትምታው፣ በመጣህበት ኮቴ ተመለስ። ቦታውን ለፖሊስ ወይም ለጦሩ ንገር።

አዲስ አነጣጣሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጁ ቤት ይቀራል፣ ያ አለቀ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሳላየው ጥይት ባልዲው ውስጥ ቢቀርና ገዢው ጋ ቢደርስ? ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ነክሬ ባመክነውስ? ሌላው፣ የጠቆረውን በአሞኒያ ማጽዳት ይቻላል የሚል ሰምቻለሁ።

ሞልቶ አዳሪ፦

መንከሩ አይታመንም። ደርቆ እንደገና የሚተኮስ አለ። ባልዲው ውስጥ የቀረ ጥይት ማቅለጫ ምድጃ ከገባ ይፈነዳል። መሣሪያ ውስጥ ስላልሆነ አረሩ ሩቅ አይሄድም፣ የቀለሁ ስብርባሪ ግን ይበታተንና የሠራተኛውን ዓይን ያገኘዋል። ለዚህ ነው ብዙ ገዢዎች ጥይት የተቀላቀለበትን ጭነት በሙሉ የሚመልሱት። ባልዲውን በአንዴ አትገልብጥ። ሰፊ ትሪ ላይ በጥቂቱ አፍስስና የእያንዳንዱን አፍ እይ።

አሞኒያውን ተወው። ናስን ይሰነጥቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወቅት ጥይቱ ተቀምጦ እየተሰነጠቀ ተቸግሮ ነበር። ጥይቱ ይቀመጥ የነበረው ፈረሶች አጠገብ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ ተብራራ። ለጽዳት ሞቅ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ጥቂት ሲትሪክ አሲድ ይበቃል። ለውዳቂ ከሆነ ግን አትድከም፤ ገዢው በክብደት ነው የሚገዛው፣ ለማንጸባረቁ አይከፍልህም።

አንጋፋው፦

ስለ ፈረሱ አላውቅም ነበር። በጥይቱ ነገር ግን ገና አላሳመናችሁኝም።

የሜዳ ተቆጣጣሪ፦

ጋሼ፣ እኔ ተረኛ በሆንኩበት ቀን ግን ሣጥኑ ውስጥ ነው የሚገባው።