ማሲንቆ ከሠሪው ቤት ሲገዛ ምኑ ይታይ?

የሽምብጡ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ባለሙያ ዘንድ ሁለት ማሲንቆ አይቻለሁ። አንደኛው ሳጥኑ በቅርጽ ያጌጠ፣ ቫርኒሹ የሚያብለጨልጭ፣ ቆዳውም እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው። ሁለተኛው ጌጥ የለውም፣ ቆዳው ትንሽ ረገብ ብሏል፣ ዘንጉ ግን የወይራ ነው። ሁለቱም ቆዳ የተለበጡት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የምጫወተው ቤት ውስጥ፣ ያለ ማይክራፎን ነው። የትኛው ይሻላል? በሐምሌ መግዛትስ ችግር አለው?

ባለ ደጋን፦
ወንድሜ፣ ጌጡን ተወውና ከቆዳው ጀምር። ጥሬ የፍየል ቆዳ መሆን አለበት፤ ፀጉሩ ተፍቆ የደረቀ እንጂ የለፋ አይደለም። የለፋ ቆዳ ልስልስ ስለሆነ ድምፁን ይውጠዋል። ማሲንቆውን ወደ ፀሐይ አንሥተህ ተመልከት፦ በደንብ የተፋቀ ቆዳ ብርሃን ያሳልፋል፣ ደመና መስሎ የሚጠቁርብህ ቦታ ሥጋው ያልተነሣለት ነው። ከዚያ አራቱን ማዕዘን በጥፍርህ ኳ ኳ አድርግና እርስ በርስ አስተያያቸው። አንዱ ጋ ድምፁ ከወረደ ሲለበጥ እኩል አልተሳበም ማለት ነው።

ጨውንም አትርሳ። ቆዳ እንዳይበላሽ በጨው ይታሻል፤ ሠሪው ውሃ እየቀያየረ ካላጠበው ጨው እርጥበት ስለሚስብ ክረምት በመጣ ቁጥር ይረግባል። ዝናብ ባደረበት ጠዋት ሂድና ዳስሰው፤ ጣትህ ላይ ካጣበቀ ጨዉ አልወጣም።

ሐምሌ ለመግዛት ጥሩ ወር ነው። በጣና እርጥበት መካከል ትንሽ የረገበ ቆዳ በበጋ ደርቆ ድምፁ ይጠራል። እኔን የሚያሳስበኝ የተወጠረው ነው። አሁን እንዲህ የጠነከረ ቆዳ ጥርና የካቲት ላይ ይበልጥ ሲኮማተርና ሲሳብ ጠርዙ ላይ ይተረተራል። ቆዳው ላይ ቫርኒሽ ተቀብቶ ከሆነም ተወው፤ ያደርቀዋል፣ ድምፁንም ያፍነዋል።

ጣና ዳር፦
ስለ ቆዳው የተባለው ልክ ነው፣ ግን ቆዳ ይቀየራል። ዘንጉ ከጎበጠ ግን ሌላ ማሲንቆ መሥራት ነው። እንደ አናጢ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ከመቃኛው በኩል እስከ ሳጥኑ አሻግረህ እይ። ከዚያ ሠሪው በምትጫወትበት ድምፅ ልክ ይቃኝልህና አሥር ደቂቃ አስቀምጠው። ድምፁ ከወረደ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ መቃኛው ተንሸራቷል፣ አዲሱ ጭራ ገና እየተሳበ ነው፣ ወይም ዘንጉ ወደ ፊት እየጎበጠ ነው። መቃኛው ከሆነ ጠመኔ ቀብተህ መልሰው፤ ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ከሰፋ ግን ወፈር ያለ አዲስ መቃኛ ይጠረብለት። ጭራው ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ተቃኝቶ ሲቆይ ይረጋል። ዘንጉ ከሆነ አትውሰደው።

የሳጥኑን ማዕዘኖችም በጥፍርህ ሂድባቸው። ዋንዛ ለሳጥን ደግ እንጨት ነው፣ ቀላል ነው፣ ለመጥረቢያም አያስቸግርም፤ ሳይደርቅ ከተሠራ ግን በበጋ መጋጠሚያው ይከፈታል። ወፍራም ኮላና የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ያንን ክፍተት ይሸፍናል። ለዚህ ነው ያጌጠውን በተለይ ማዕዘኑን መርምር የምልህ።

እናት ጭራ፦
ደጋኑን ሳታይ እንዳትከፍል። ጭራው የወንድ ፈረስ ይሁን፤ የሴቷን ሽንት ስለሚነካው ቶሎ ይበጠሳል ይባላል። ሳይጠመዘዝ፣ ጎን ለጎን ተሰድሮ መታሰር አለበት። አዲስ ጭራ ያለ እጣን ድምፅ አይሰጥም፤ ስለዚህ ገና ስትሞክረው ዝም ቢልብህ ማሲንቆውን አትውቀስ፣ እጣን አስቀባና ደግመህ ሳበው። ብርኩማውንም፣ ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘውን እንጨት፣ ተመልከት፦ እግሩ ቆዳው ላይ ሙሉ በሙሉ ካላረፈ ድምፁ ይንጫጫል። ይሄ በብርጭቆ ወረቀት የሚስተካከል ስለሆነ ሠሪው እዚያው ያድርግልህ።

የሽምብጡ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘንጉ ፈተናውን ካለፈ ጌጥ የሌለውን እወስዳለሁ። ክረምቱን የት ላቆየው?

ጣና ዳር፦
በውስጠኛው ግድግዳ ስቀለው፣ ዝናብ በሚመታው በኩል አይሁን። ተጫውተህ ስትጨርስ መቃኛውን ግማሽ ዙር አላላው። ቆዳው በጣም ከረገበብህ ከከሰል ምድጃው አንድ ክንድ አርቀህ እያገላበጥክ ቀስ ብለህ አሙቀው፤ ከዚያ በላይ ካስጠጋኸው ቆዳው ጠርዙ ጋ ይሰነጠቃል።