የቀለብ ክስ ቅጽ በስልክ፦ ለሕግ ትምህርት ክፍሉ የምናቀርበው የጋራ ፕሮፖዛል (ድሬዳዋ)

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ አባላት። ፕሮፖዛሉ ሐሙስ ይገባል። ረቂቃችን «የሕግ ተማሪዎች ቴክኖሎጂ ይማሩ» ይላል፤ ተምረው ምን ሊሠሩበት እንደሆነ ግን አይናገርም። አሜሪካ በሚገኘው የቺካጎ ኬንት የሕግ ትምህርት ቤት ያስተማሩትን የፕሮፌሰር ሮናልድ ስታውትን ሥራ ተመልከቱ። እኚህ ሰው ካሊ ከሚባለው፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የሕግ ትምህርት ማዕከል ጋር ሆነው ኤቱጄ ኦተር (A2J Author) የተባለውን የፍርድ ቤት ቅጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም አወጡ። ስክሪኑ ላይ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስድ መንገድ ይታያል፤ ባለጉዳዩ አንድ ጥያቄ በመለሰ ቁጥር ወደፊት ይራመዳል፤ መጨረሻ ላይ የተሞላ ማመልከቻ ይወጣል። ቅጹን ለማዘጋጀት ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፤ የሕግ ተማሪ ይበቃል። የእኛም ተማሪዎች እንዲህ ያለ በስልክ የሚሞላ ቅጽ ያዘጋጁ ብለን እናቅርብ።

ጠበቃዋ፦ ከልጅ ቀለብ ክስ እንጀምር። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት ፍርድ ቤት በር ላይ ከፍላ ያጻፈችውን ክስ ይዛ መጣች። ሦስት ገጽ ሙሉ የሰውየውን ክፋት ይዘረዝራል። አድራሻው የለም፤ በወር ስንት ብር እንደምትጠይቅ የለም። መዝገብ ቤት መለሳት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 የሚፈልገው ግን እነዚህኑ ነው። ፌስታሏ ውስጥ የአባቱ ስም የተጻፈበት የልጇ የክትባት ካርድ ነበር፤ አያይዢው ያላት ሰው አልነበረም። በጣም ነው ያዘንኩት።

መምህሩ፦ እስማማለሁ። ተማሪ ሕጉ እንዳልገባው የሚታወቀው ድንጋጌውን ወደ ጥያቄ ቀይር ሲባል ነው። እዚህ ድሬ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992 ነው፤ ሐረር የራሷ የቤተሰብ ሕግ ስላላት ይሄው ቅጽ እንዳለ አይሄድላትም። ሸሪዓ ፍርድ ቤትስ? አዋጅ 188/1992 የሁለቱንም ወገን ፈቃድ ይሻል፤ «ኒካህ አስራችኋል?» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። እዚህ ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ያንን ተማሪው ራሱ ወረቀት ላይ ይሳለው።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦ መምህር፣ አያቴ መጋላ ነው የምትነግደው። አማርኛ ትናገራለች፣ አታነብም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ድምፅ እኛው እንቅዳ፤ ክፍላችን ውስጥ ሦስቱንም የሚናገር አይጠፋም።

ጡረተኛው ዳኛ፦ ልጆቼ፣ የሕፃን ስምና የአባት ደሞዝ የሚቀመጠው የት ነው? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ። ማመልከቻው እንደታተመ መረጃው ይጥፋ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማይችለው፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 መሠረት ሳይከፍል ልክሰስ ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ይኑር። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹንም አትግፏቸው። ስልክ የሌለው ሰው የሚሄደው እነሱ ጋ ነውና ቅጹን መጀመሪያ ለእነሱ አሳዩ።

ጸሐፊ፦ እሺ ጋሼ፣ ሁሉንም አስገባለሁ። መምህር፣ ውጤት ይያዝለታል?

መምህሩ፦ የግድ። ውጤት ከሌለው የመውጫ ፈተና ሲቃረብ ተማሪው ይተወዋል፤ አልፈርድበትም። በነፃ የሕግ ድጋፍ ኮርሱ ሥር ይሁን፣ ግማሹ ነጥብ ለቅጹ።

ጠበቃዋ፦ ያቺን እናት ነገ እደውልላታለሁ። ፈቃደኛ ከሆነች፣ ጥያቄዎቹን ከማስገባታችን በፊት እሷ ፊት እናንብባቸው፤ ያልገባት ጥያቄ ካለ ይቀየራል።