ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ተነሥቶ ዊንዶውስ ሲጭን የኔትወርክ ካርዱን ማግኘት ያቆማል

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ላብ ቴክኒሻን

ሰላም ለሁላችሁ። በምሠራበት ኮሌጅ ዊንዶውስ 10ን በላቦቹ ኮምፒውተሮች ላይ የምንጭነው በዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ላይ ባለው የዊንዶውስ ዲፕሎይመንት ሰርቪስስ (ዊንዶውስን በኔትወርክ የሚጭን አገልግሎት) አማካይነት ነው። ቋንቋውን፣ የዲስኩን አከፋፈልና የተጠቃሚውን ስም አስቀድሞ የተዘጋጀው አንሰር ፋይል ስለሚመልስ፣ ማንም ኪቦርድ ሳይነካ ሥራው ተጀምሮ ያልቃል። በቅርቡ የተገዙት ዴስክቶፖች ግን እንቢ ብለዋል። ማሽኑ በፒኤክስኢ (ከዲስክ ሳይሆን ከኔትወርክ በሚነሣበት መንገድ) ይነሣል፣ ከዲኤችሲፒ ሰርቨሩ አድራሻ ይቀበላል፣ መጫኑን የሚያስጀምረውን ፋይል፣ ማለትም ቡት ኢሜጁንም፣ እስከ መጨረሻው ያወርዳል፤ የዊንዶውስ አርማ ከታየ በኋላ ግን ለኔትወርክ ካርዱ የሚስማማ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያሠራበት ፕሮግራም) በኢሜጁ ውስጥ እንዳልተገኘ የሚገልጽ መልእክት አውጥቶ ይቆማል። አሮጌዎቹ ማሽኖች በዚያው ኬብልና በዚያው የስዊች ፖርት ያለ ችግር ይጫናሉ።

ቡት ኢሜጁ ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1809 የተወሰደ ነው። ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጄ፣ በሰርቨሩ ላይ ለአዲሶቹ ማሽኖች በከፈትኩት የድራይቨር ግሩፕ (ለተመረጡ ማሽኖች የሚሰጡ ድራይቨሮች ስብስብ) ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ለውጥ ግን አላየሁም። ያንኑ ኢሜጅ ራሱ ያወረደ ካርድ ከአፍታ በኋላ እንዴት ሊጠፋ እንደሚችል የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሲስተም አስተዳዳሪ

ጥያቄዎን በጥሩ ሁኔታ ስላብራሩት ምክንያቱን ለማየት አይከብድም። በፒኤክስኢ ጊዜ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ዊንዶውስ ሳይሆን በማሽኑ ፈርምዌር (ከዊንዶውስ በፊት በሚሠራው መነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ያለው የካርዱ የራሱ ኮድ ነው፤ አድራሻ የሚጠይቀውም፣ በቲኤፍቲፒ (በቀላል የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ) ኢሜጁን ወደ ራም የሚያወርደውም እርሱ ነው። በቡት ኢሜጁ ውስጥ ያለው ትንሹ ዊንዶውስ፣ ዊንዶውስ ፒኢ፣ ከራም ላይ ሥራ ሲጀምር ግን ያ ኮድ ይሰናበትና ዊንዶውስ ፒኢ ካርዱን እንደገና በራሱ ድራይቨር ለማስነሣት ይሞክራል። ስለዚህ የፒኤክስኢ መሳካት ኬብሉና ሰርቨሩ ደኅና መሆናቸውን ያሳያል እንጂ በኢሜጁ ውስጥ ድራይቨር ስለመኖሩ ምንም አይነግረንም። የ1809 ኢሜጅ የ2018 ሥራ በመሆኑ ከዚያ በኋላ የወጡ ካርዶችን አለማወቁ አይገርምም።

ድራይቨሩን በድራይቨር ግሩፕ ማስገባትዎም ለዚህ ደረጃ የሚጠቅም አልነበረም። የግሩፑ ድራይቨሮች የሚሰጡት በዲስኩ ላይ ለሚጫነው ዊንዶውስ ሲሆን፣ ቡት ኢሜጁ የራሱን ድራይቨር ከመነሻው በውስጡ መያዝ አለበት። በአንሰር ፋይሉ የዊንዶውስ ፒኢ ክፍል ላይ የድራይቨር መንገድ መጻፍም አይበጅዎትም፤ መንገዱ ወደ ሰርቨሩ የሚያመለክት ከሆነ እዚያ ለመድረስ አስቀድሞ ኔትወርክ ያስፈልጋል።

ኢሜጁን ከመንካትዎ በፊት ግን ትክክለኛውን ድራይቨር መያዝዎን ያረጋግጡ፤ ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ከአዲሶቹ ማሽኖች በአንዱ ላይ ዊንዶውስን በፍላሽ ይጫኑና በዲቫይስ ማኔጀር የካርዱን ሃርድዌር አይዲ ይመልከቱ። ድራይቨሩ ባይኖርም አይዲው ይታያል። የመጀመሪያው ቁጥር አምራቹን ይገልጻል፤ 8086 ኢንቴል ነው፣ 10ኢሲ ደግሞ ሪልቴክ ነው። ሁለተኛው ቁጥር የካርዱን ዓይነት ይለያል። ከዚያም የድራይቨሩን የአይኤንኤፍ ፋይል (ድራይቨሩ የሚሠራላቸውን ካርዶች የሚዘረዝረውን) በኖትፓድ ከፍተው ያው ጥምረት በውስጡ መኖሩን ይፈልጉ። ከሌለ የፋይሉ ስም ምንም ቢመስል ያ ድራይቨር ለካርድዎ አይሆንም። ያወረዱት በኤግዚ መልክ ከሆነ በቅድሚያ ዘርግተው የአይኤንኤፍ፣ የሲስና የካታሎግ ፋይሎቹን በአንድ ፎልደር ማስቀመጥ አለብዎት። የድራይቨሩን ፊርማ የያዘውን ካታሎግ አይተዉት፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ፒኢ ያልተፈረመ ድራይቨር አያስነሣም።

ለሙከራ ፎልደሩን በፍላሽ ይያዙ። መልእክቱ ሲመጣ ሺፍትና ኤፍ10ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ኮማንድ ፕሮምፕት ይከፈታል። በዲአርቪሎድ ትእዛዝ የአይኤንኤፍ ፋይሉን ያስነሡ፣ በደብሊውፒኢዩቲል ደግሞ ኔትወርኩን ያስጀምሩ፣ ከዚያ በአይፒኮንፊግ ይመልከቱ። አድራሻ ከመጣ የቀረው ድራይቨሩን በኢሜጁ ውስጥ በቋሚነት ማስገባት ብቻ ነው። ለዚህም በሰርቨሩ ኮንሶል ቡት ኢሜጁን በቀኝ ክሊክ ነክተው የድራይቨር ፓኬጅ ጨምር የሚለውን መምረጥ ይበቃል። በዲስም (በዊንዶውስ የኢሜጅ ማስተካከያ ትእዛዝ) በእጅዎ ከሠሩት ግን የቡት ኢሜጁ ፋይል፣ ቡት ዊም፣ ሁለት ክፍሎች (ኢንዴክሶች) እንዳሉት ያስተውሉ፤ የመጫኛው ፕሮግራም፣ ሴትአፕ፣ የሚነሣው ከሁለተኛው ኢንዴክስ ስለሆነ በአንደኛው ላይ ብቻ የተጨመረ ድራይቨር አይታይም።

መልስ፦ የኔትወርክ ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ሆኖም ይህን ገጽ ወደፊት ለሚያነቡ ሰዎች አንድ ልዩነት ልጨምር። በዚያው ኮማንድ ፕሮምፕት አይፒኮንፊግ ምንም ካርድ ካላሳየ የጎደለው ድራይቨር ነው። ካርዱ ታይቶ አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን ድራይቨሩ ሥራውን ይዟል፤ ያልተገኘው የዲኤችሲፒ ምላሽ ነው። በዚህ ሁኔታ ሌላ ድራይቨር መሞከር ድካም ብቻ ነው።

ከምክንያቶቹ አንዱ ስዊቹ ላይ ያለው ስፓኒንግ ትሪ፣ ማለትም ዳታ በስዊቾች መካከል እየዞረ ሉፕ እንዳይፈጥር የሚከላከለው አሠራር ነው። ዊንዶውስ ፒኢ ድራይቨሩን ሲያስነሣ ሊንኩ ለአፍታ ይቋረጥና ይመለሳል፤ በነባሩ የስፓኒንግ ትሪ አሠራር (802.1ዲ) ፖርቱ 15 ሰከንድ በማዳመጥ፣ ሌላ 15 ሰከንድ ደግሞ በመማር ስለሚያሳልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ምንም ዳታ አያሳልፍም። በዚህ መካከል ሴትአፕ አድራሻ ጠይቆ፣ መልስ አጥቶ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። መፍትሔው ኮምፒውተር በሚሰካባቸው ፖርቶች ላይ ፖርትፋስትን (ፖርቱ ያን ጥበቃ ሳይጠብቅ ወዲያው ዳታ እንዲያሳልፍ የሚያደርገውን ቅንብር) ማብራት ነው። ከሌላ ስዊች ጋር በሚገናኝ ፖርት ላይ ግን ፈጽሞ እንዳይበራ አደራ እላለሁ፤ ሉፕ ቢፈጠር መላው ላብ ይቆማል።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አይዲው 10ኢሲ እና 8125 ሆኖ ተገኘ፤ ባለ 2.5 ጊጋቢት የሪልቴክ ካርድ ነው። በመጀመሪያ አውርጄው የነበረው ድራይቨር የ8168 ብቻ እንደነበር የአይኤንኤፍ ፋይሉን ስከፍት አየሁ። ትክክለኛውን በዲአርቪሎድ ሳስነሣ አድራሻ ወዲያው መጣ፤ ወደ ቡት ኢሜጁም ወደ ድራይቨር ግሩፑም አስገብቼው መጫኑ እስከ መጨረሻው ሄደ። አሁን የቀረኝ ችግር፣ ዊንዶውስ ተጭኖ ሲነሣ ኔትወርክ ስለሌለው ከዶሜኑ (የኮሌጁ ማሽኖች በአንድነት ከሚተዳደሩበት ሥርዓት) ጋር መቀላቀል አለመቻሉ ነው። ለድራይቨር ግሩፑ በማሽኑ ሞዴል ስም ፊልተር አድርጌበታለሁ።

መልስ፦ የሲስተም አስተዳዳሪ

እንግዲህ አሁን የሚፈተሸው ያ ፊልተር ነው። ሰርቨሩ የሚያነጻጽረው በማሽኑ ፈርምዌር ውስጥ የተመዘገበውን የሞዴል ስም እንጂ በካርቶኑ ወይም በመግዣ ደረሰኙ ላይ ያለውን የንግድ ስም አይደለም፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። በፍላሽ በጫኑት ማሽን ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ከፍተው የአምራቹንና የሞዴሉን ስም እንዳለ፣ ክፍት ቦታውንም ሳይለውጡ ወደ ፊልተሩ ይገልብጡ። ወይም ፊልተሩን አንሥተው አንድ ማሽን ይጫኑ፤ ካርዱ ከሠራ ስሕተቱ ከስሙ መሆኑ ይረጋገጣል።

በዚህ አጋጣሚ፣ ያገኙትን ድራይቨር ሁሉ ቡት ኢሜጁ ውስጥ የማጠራቀም ልማድ እንዳይጀምሩ እመክራለሁ። ኢሜጁ በቲኤፍቲፒ ለእያንዳንዱ ማሽን ስለሚወርድ መጠኑ ሲጨምር የላቡ ሁሉ ሥራ ይዘገያል። ቡት ኢሜጁ የሚያስፈልገው የኔትወርክና የዲስክ መቆጣጠሪያ ድራይቨሮች ብቻ ነው፤ የድምፁ፣ የግራፊክሱና የብሉቱዙ ቦታ ድራይቨር ግሩፑ ነው።

ጠያቂው፦

ፊልተሩ ነበር። በፈርምዌሩ የተመዘገበው ስም በመጨረሻው ላይ እኔ ያልጻፍኩት ተጨማሪ ቁጥር አለው። እንዳለ ስገለብጠው ማሽኑ ተጭኖ ከዶሜኑ ጋር ተቀላቅሏል። የቀሩትን ነገ አብሬ አስነሣቸዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የሁለተኛው ላብ ስዊች የፖርትፋስት ቅንብር እንዴት እንደሆነ አያለሁ።