ሙቀቱን ያመጣው ማነው? ፀሐይ ወይስ እኛ?

የማና ልጅ፦ ትናንት ጅማ ሄርማታ ገበያ ቡና ስንጠጣ የጀመርነውን ክርክር እዚህ እንጨርሰው። ጋሼ «አየሩን ሰው ለወጠው የሚባለው የፈረንጅ ወሬ ነው» ብለዋል። ማስረጃ ያለው ያምጣ።

ጋሼ ነጋዴው፦ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ዝናብ ድሮም ይቀር ነበር። በ77 ምን ፋብሪካ ነበረን? ፀሐይ አንዴ ትበረታለች፣ አንዴ ትለዝባለች። የፈጣሪ ሥራ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ጋሼ፣ ድርቅ ድሮም ነበር፤ ማን ይክዳል? የ77ቱን ብቻ ነጥሎ «ይኸው ሰው ያመጣው» የሚልም ካለ ተሳስቷል። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ግን አየሩ ከታች እስከ ላይ በሞቀ ነበር። የተለካው ሌላ ነው፦ የታችኛው አየር ሲሞቅ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው እየቀዘቀዘ ነው። ከሰልና ነዳጅ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሲበዛ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፀሐይዋንም ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ይለኳታል፤ እየበረታች አልመጣችም።

የጎማ ልጅ፦ ካርቦኑ የሰው መሆኑ በምን ታወቀ? ስም አልተጻፈበት!

የፊዚክስ መምህሩ፦ ተጽፎበታል ማለት ይቻላል። ካርቦን 14 የሚባል፣ በጊዜ ብዛት እየፈረሰ የሚያልቅ የካርቦን ዓይነት አለ። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሚሊዮን ዓመታት ተቀብረው ስለቆዩ እሱ የላቸውም፤ አልቋል። ሃንስ ዙስ የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1955 የዛፍ እንጨት መርምሮ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን 14 በዚህ አሮጌ ካርቦን መቅጠኑን አሳየ።

ላብራቶሪ ነኝ፦ ቆይ መምህር፣ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣውም እኮ ካርቦን 14 የለውም። ኤርታሌስ?

የፊዚክስ መምህሩ፦ ያዝሽኝ! በዚህ ብቻ አይለይም። ግን የዓለም እሳተ ገሞራ ሁሉ ተደምሮ በዓመት የሚለቀው፣ ሰው ከሚለቀው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ካርቦን 13 የሚባል ሌላ የካርቦን ዓይነት ደግሞ አለ። ተክል ሲያድግ እሱን አሳንሶ ይወስዳል፤ የድንጋይ ከሰልም የጥንት ተክል ነው። በአየሩ ውስጥ የካርቦን 13 ድርሻ እየቀነሰ ነው፣ የእሳተ ገሞራ ቢሆን እንዲህ አይቀንስም። በአየሩ ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንም ሃዋይ ባለው ማውና ሎአ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1958 መለካት ሲጀምሩ ከሚሊዮን የአየር እጅ 315 ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ነው።

ጋሼ ነጋዴው፦ እሺ፣ ለጅማ ምን አገባው? እዚህ የሞቀው ደኑ ስለተመነጠረ ነው።

የማና ልጅ፦ ደኑንስ ማን መነጠረው ጋሼ? ጉሬዛ ነው?

ጋሼ ነጋዴው፦ አንተ ልጅ!

ላብራቶሪ ነኝ፦ ጋሼ ግማሽ እውነት አላቸው፤ የጥላ ዛፍ የተቆረጠበት ማሳ በራሱ ይሞቃል። ግን ስለ ጅማ አንድ ጥናት ልንገራችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ። የቡና ፍሬ በስታ የምትገባ ትንሽ ጥቁር ጢንዚዛ አለች። ከሙቀት መዝገብ ሲሰላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 በፊት ጅማ ስለሚበርዳት በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ መጨረስ አትችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሁለት ትውልድ ትደርሳለች።

ጋሼ ነጋዴው፦ ቀዳዳ ያለበት ፍሬ አምና አይቻለሁ። መጋዘን ውስጥ የገባ ነቀዝ መስሎኝ ነበር። ግን አንድ ነገር አልለቅም፦ ያነደዱት እነሱ፣ የሚበላሸው የእኛ ቡና!

የፊዚክስ መምህሩ፦ በዚህ አልከራከርዎትም።

ጋሼ ነጋዴው፦ እሑድ ልጅቷን ይዘሃት ማሳዬ ድረስ ና። ፍሬውን ሰንጥቃ ታሳየኝ።