ሐዘኔን ፌስቡክ ላይ መጻፍ ልተው ወይስ ልቀጥል?

የጎንደሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ክረምት አባቴ ጎንደር አረፈ። ወረቀቴ ስላላለቀ ሄጄ አልቀበርኩትም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወዳጆቼ ለቅሶ ደረሱኝ፤ ከሰልስት በኋላ ግን ሁሉም ወደየሥራው ገባ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስለ አባቴ ፌስቡክ ላይ እጽፋለሁ። ጋቢውን ተከናንቦ ሬዲዮ ሲሰማ፣ ስደውል ገና ሰላም ሳይለኝ «በላሽ ወይ?» ሲለኝ። ስጽፍ ቀለል ይለኛል። ከለጠፍኩት በኋላ ግን ስልኩን ማስቀመጥ ያቅተኛል። ማን አየው? ማን ዝም አለ? «ነፍስ ይማር» ይደረደራል፣ እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጣለሁ። እናቴ «ልጄ፣ እንባሽን አደባባይ አታውጪው» አለችኝ። ጓደኛዬ «ጻፊ፣ ይውጣልሽ» ትላለች። የትኛዋን ልስማ?

ሳይኮሎጂ ያጠናሁ፦
እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። «ይውጣልሽ» የሚለው ነገር በደንብ ተጠንቷል። ቤልጅየማዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በርናርድ ሪሜ ሰዎች ስሜታቸውን ለሌላ ሲያካፍሉ ምን እንደሚሆኑ ለብዙ ዓመታት መርምሯል። የተናገረ ሰው ቀለለኝ ይላል። ከሰሚውም ጋር ይቀራረባል። ሆኖም መናገሩ ብቻውን የስሜቱን ጉልበት አያበርደውም። የሚረዳው ነገሩን በሌላ ዓይን እንድናይ የሚያግዘን ሰው ሲገኝ ነው። «ነፍስ ይማር» ብሎ ያለፈ ሰው ደግ ነው፤ ግን አባትሽን ሳትቀብሪ መቅረትሽ እንዴት እንደሚያንገበግብሽ ቁጭ ብሎ አይጠይቅሽም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኒቤከር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር አስጻፈ። በጻፉበት ሰዓት ከፋቸው። በቀጣዮቹ ወራት ግን የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት ሐኪም ዘንድ መሄዳቸው ቀነሰ። ጽሑፉ በምስጢር የተያዘ ነበር። ላይክ የሚያደርግ የለም፣ ዝም ያለ ሰው የለም። አንቺም እንቅልፍ የነሳሽ መጻፉ አይመስለኝም፤ ከለጠፍሽ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። መጻፉን አትተዪ።

የወሎዋ፣ ከጅዳ፦
አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እህቴ። ሳይኮሎጂ ያጠናው ከላይ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሁሉም ቁጭ ብሎ የሚጠይቀው ሰው አለው ወይ? እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የወንድሜን መርዶ ያገኘሁት ፌስቡክ ላይ ነው፤ ፎቶው ተለጥፎ፣ ወጥ ቤት ቆሜ። አገር ቤት ቢሆን ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ሳይነጋ መጥቶ፣ ይዞኝ ነበር የሚያረዳኝ። እኔን ማንም አልያዘኝም። ያው ስልክ ነው ግን ያን ሌሊት ያሳደረኝ። ሐዘኔን ስጽፍ ቤይሩት ያለች የማላውቃት ልጅ በውስጥ መስመር መጣች። እስኪነጋ በድምፅ እየተላላክን አብረን አለቀስን። እሷን ያገኘሁት አደባባይ ስለወጣሁ ነው። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሞት ነገር ከመለጠፋችሁ በፊት ያልተረዳ ዘመድ እንዳለ አጣሩ። በተለይ ስደት ላይ ያለ።

የጎንደሯ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ማታ የምጽፈውን ሌላ ሰው እንዳያየው «እኔ ብቻ» ላይ አደርገዋለሁ። አጎቴ ስለ አባቴ ልጅነት ብዙ ያውቃል፤ እሁድ እደውልለታለሁ። የወሎዋ፣ ስለ ወንድምሽ ብሰማ ደስ ይለኛል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ማታ አለሁ።